ያለ ሥልጣን የተላከ ሹም

የደብረ ታቦርን ታሪክ የሚያወሳ ሰው፥ ከራስ ጉግሣ መሥራችነት ተነሥቶ በራስ ዐሊ ዘመን በኩል አልፎ ወደ ጋፋት ኮረብታ በደረሰ ጊዜ፥ ነገሩ ሁሉ ሴባስቶፖል በተባለው መድፍ ዙሪያ ይሰበሰብበታል። በዚህ አይነቀፍም፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ በዚያ ዘመን በበጌምድር ምድር አቅልጦ ማፍሰስ፥ ካፈሰሱትም በኋላ ገደሉን እየናዱ መንገዱን እየጠረጉ እስከ መቅደላ መጐተት፥ ትውልድ ሁሉ ቢኰራበት የሚገባ ሥራ ነውና። ይሁን እንጂ የመድፉ ነገር ብቻውን ሲተረክ፥ በዚያው ኮረብታና በዚችው ከተማ በ1858 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ የተደረገው ሌላው ታላቅ ነገር ይዘለላል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚዘለለው ሆርሙዝድ ራሳም የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ነው። ስሙ የተነሣ እንደ ሆነ እንኳ፥ አጼ ቴዎድሮስ ካሰሯቸው የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ነበረ ተብሎ ይታለፋል።

እኔ ግን የዚህ ሰው የአገልግሎት ታሪክ በሚገባ ካልተመረመረ በቀር፥ በእንግሊዝ መንግሥትና በአጼ ቴዎድሮስ መካከል ለተነሣው ጠብ በደለኛው ማን እንደ ነበረ ልጆቻችን በቅን ሊፈርዱ አይችሉም ባይ ነኝ። በውጭ አገር ሰዎች መጻሕፍት ተጽፎ፥ ከእነርሱም ወደ እኛ መማሪያ ክፍሎች ተሻግሮ የሚነገረው፥ በደሉን ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ ቍጣ ላይ የሚጭን ትረካ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይቈጡ እንደ ነበረ፥ በቍጣቸውም ብዙ ደም እንዳፈሰሱ የሚክድ የለም፤ የበጌምድር ገበሬም ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ነገር ግን የአንድን ነጻ መንግሥት ደብዳቤ ተቀብሎ ያለ መልስ ያኖረ፥ ኋላም ነገሩ በከፋ ጊዜ አንዳች ነገር ለመወሰን ሥልጣን ያልሰጠውን ሰው የላከ ጽሕፈት ቤት በለንደን ነበረ፤ ከበደሉም ትልቁ ድርሻ የእርሱ ነው።

ራሳም በትውልዱ እንግሊዛዊ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1826 በሞሱል ከተማ ከምሥራቅ ክርስቲያኖች ወገን ተወለደ። ወንድሙ በዚያው ከተማ የእንግሊዝ ምክትል ቆንሲል ስለ ነበረ፥ ሌያርድ የተባለው እንግሊዛዊ የጥንቱን የአሦር ከተሞች ፍርስራሽ ሊቈፍር በመጣ ጊዜ፥ ሃያ ዓመት ገደማ የነበረው ራሳም የሠራተኞች ደመወዝ ከፋይ ሆኖ ገባ፤ በታማኝነቱና በብልሃቱም የሌያርድን ልብ ማረከ። ሞሱል ጤግሮስን ተሻግራ የነነዌን ፍርስራሽ የምትመለከት ከተማ ናት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ በየዓመቱ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን የሚጾመው የበጌምድር ሕዝብ፥ ነቢዩ ዮናስ ንስሐ የሰበከባትን ከተማ አፈር ገልጦ ቤተ መንግሥቷን ያወጣው ሰው በጋፋት ኮረብታ ተቀምጦ እንደ ነበረ ቢነገረው፥ ታሪኩን በምን ያህል ትጋት ባዳመጠ ነበር! እ.ኤ.አ. በ1853 መጨረሻ ራሳም፥ ለፈረንሳውያን ቈፋሪዎች ድርሻ ተብሎ በተተወው የነነዌ ጕብታ ክፍል ሠራተኞቹን በሌሊት አሰማርቶ፥ የአሦርን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት አገኘ። በግድግዳው ላይ የንጉሡ የአንበሳ አደን ተቀርጾ ነበር፤ በአዳራሹም ውስጥ በሸክላ ላይ የተጻፉ ጽላቶች ተከማችተው ተገኙ። ከነነዌ ተወስደው ለንደን ከገቡት ጽላቶች መካከል በአንዱ ላይ ስለ ጥፋት ውሃ የተጻፈ ጥንታዊ ትረካ እ.ኤ.አ. በ1872 በተነበበ ጊዜ፥ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢው ዓለም ሁሉ ተደነቀ።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሠራ ሰው ግን፥ ክብሩ ለእንግሊዛውያን አለቆቹ ሲሰጥ እያየ፥ እ.ኤ.አ. በ1854 ወደ ዐደን ወርዶ የመንግሥት ተቀጣሪ ሆነ። ዐደን በዚያን ጊዜ በቦምቤይ ከነበረው የእንግሊዝ ሕንድ አስተዳደር በታች የምትተዳደር ወደብ ነበረች። የአገልግሎቱም ልማድ፥ በወደቡ ያለው ሹም ለቦምቤይ ሳያስታውቅ፥ ቦምቤይም ለለንደን ሳያመለክት ትልቅ ነገር እንዳይወስኑ የሚያዝ ነበረ። ራሳም በዚህ ሥርዐት ውስጥ ከዝቅተኛ ሥራ ተነሥቶ የወደቡ አገረ ገዥ ረዳት እስከ መሆን ደረሰ። ዐረብኛው የእናት ቋንቋ ያህል ስለ ነበረ፥ በዙሪያው ካሉት የዐረብ ሹማምንት ጋር የሚደረገው መላላክና ማስታረቅ በእጁ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1861ም መንግሥቱን ወክሎ ወደ ሙስካት ተልኮ ነበር። ለእንዲህ ያለው አገልግሎት የሚፈለገው ጠባይ ትዕግሥት፥ ምላስን መግታትና የአለቃን ትእዛዝ መጠበቅ ነው፤ እነዚህም ሦስቱ በራሳም ሙሉ ነበሩ። በኋላ በደብረ ታቦር ያዳነውም ያሰረውም ይኸው ጠባይ ነው።

ከእርሱ በፊት የእንግሊዝ መንግሥት በዚህ አገር ያኖራቸው ሰዎች ሁለት ነበሩ። የፊተኛው ዋልተር ፕላውደን፥ በካልካታ በንግድ ቤት ሲሠራ ቈይቶ ሥራውን ትቶ ወደ አገራችን የገባ፥ ከዚያም ቆንሲል ሆኖ የተሾመ ሰው ነው። በ1842 ዓ.ም. ከራስ ዐሊ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተዋዋለ። ፕላውደን ራሱ እንደ ጻፈው፥ ውሉ በራስ ዐሊ ድንኳን ውስጥ ሲነበብ በዚያው ታስሮ የነበረ ፈረስ እርሱን ሊረግጠው ይደርስ ነበረ፤ ራስ ዐሊም ነገሩን ከሰሙ በኋላ፥ ውሉ መልካም ቢሆንም ባሥር ዓመት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ ወደዚህ ይመጣል ብለው እንደማያስቡ ነገሩት። ይህ የራስ ዐሊ ፍርድ ከብዙ የቆንሲል ሪፖርት ይልቅ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ፕላውደን ግን አገሩን ወድዶ፥ ከአጼ ቴዎድሮስም ጋር ተወዳጅቶ ኖረ፤ በ1852 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ሲወርድ በጎንደር አጠገብ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ በነበረው ሽፍታ በጋረድ እጅ ቈስሎ በጎንደር ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ የወዳጃቸውን ደም በጽኑ ተበቀሉለት።

ሁለተኛው ካሜሮን ነው። ይህ ሰው ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከውን ሽጕጥ ይዞ መጣ፤ አጼ ቴዎድሮስም በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጽፈው ሰጡት። በደብዳቤው ውስጥ ቱርኮች የአባቶቻቸውን ርስት ይዘው እንደሚያስቸግሯቸው፥ የሚልኳቸውም መልእክተኞች በመንገድ እንዳይያዙባቸው እንደሚሠጉ ገልጠው፥ እነዚህ መልእክተኞች በደኅና የሚሻገሩበትን መንገድ ጠየቁ። ደብዳቤው በየካቲት ወር 1855 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ። ከዚያም ተቀመጠ። የውጭ ጕዳይ ሚኒስቴር ለአንድ ክርስቲያን ንጉሥ ሁለት መስመር የአክብሮት መልስ ለመጻፍ ምን ያህል ቀለም ይጨርስ ኖሯል? ካሜሮን ደግሞ የቱርክ ግዛት ወደ ነበረችው ወደ ከሰላ ዞሮ ያለ መልስ ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሁሉ ባንድ ላይ ሲመዝኑት፥ ንቀትና ከጠላት ጋር መወዳጀት መስሎ ታያቸው፤ በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉን አሰሩት። ቆንሲል ማሰር ከመንግሥታት ሕግ ውጭ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የመንግሥታት ሕግ የመጀመሪያው ቃሉ ለተላከ ደብዳቤ መልስ መስጠት ነው።

ለንደን የነቃው ቆንሲሉ ከታሰረ በኋላ ነው። የንግሥቲቱ መልስ በግንቦት ወር 1856 ዓ.ም. ተጻፈ፤ የሚያደርሰውም ሰው ሲፈለግ ዐደን ለምጽዋ ቅርብ ናትና፥ ራሳም ተመረጠ። እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምሻው አንድ ነገር አለ። አጼ ቴዎድሮስ ይፈልጉት የነበረው እንደ መንግሥት የሚከበር መልእክተኛ፥ የሥራ ዐዋቂዎችና በቱርክ ላይ የሚቆም ወዳጅነት ነበረ፤ ለራሳም የተሰጠው ትእዛዝ ግን ደብዳቤውን እንዲያደርስ፥ ቆንሲሉንና ሌሎቹንም እስረኞች እንዲያስፈታ እንጂ፥ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ቃል ለመግባት የሚያስችል አልነበረም። ከሐምሌ 1856 ዓ.ም. ጀምሮ ከባልደረባው ከዶክተር ብላንክ ጋር በምጽዋ ሙቀት ውስጥ ከዓመት በላይ ተቀምጦ፥ ለንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ እየደጋገመ የመግቢያ ፈቃድ ጠበቀ። ይህን ያህል ሲታገሥ፥ ለንደን ደግሞ በእርሱ እምነት አጥቶ ፓልግሬቭ የተባለውን ሌላ ሰው በቦታው ሾመበት፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ በመጨረሻ ሲመጣ ግን ፓልግሬቭ ከግብጽ እንዲቀር ተደርጎ ሥራው ለራሳም ተመለሰለት። በትውልድ ምሥራቃዊ መሆኑ ደግሞ፥ ለንጉሥ የሚላክ እንግሊዛዊ መኰንን መሆን ነበረበት በሚሉ ወገኖች ዘንድ እንደ ነውር ይነሣበት ነበር።

በጥቅምት 1858 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ በከሰላና በመተማ ዞሮ፥ በጥር ወር በዳሞት ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረበ። ከጥቅምት 1855 እስከ ጥር 1858 ዓ.ም. ሲቈጠር፥ ደብዳቤው መልስ ያገኘው ከሦስት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ይህን ያህል ጊዜ የተናቁት ንጉሥ መልእክተኛውን እንዴት ተቀበሉት? በፍቅር ተቀበሉት፤ እስረኞቹ ከመቅደላ እንዲመጡ ወዲያው አዘዙ፤ በስንቅና በሺህ በሚቈጠር ማርትሬዛ ብር አከበሩት፤ በጣና ዳር በዛሬው ደራ ወረዳ በምትገኘው በቆራጣ አስቀመጡት፤ ሳሙኤል የተባለውንም ሰው ባልደራባ ሰጡት። ይህ አቀባበል፥ ቀድሞ መልስ መጥቶላቸው ቢሆን ኖሮ ጠቡ ከመሠረቱ ባልተነሣ ነበር ለሚለው አሳቤ ዋና ምስክር ነው።

ነገሩ የተበላሸው በስንብት ነው። እስረኞቹ ቆራጣ ከደረሱ በኋላ ራሳም አገሩን ፈጥኖ ሊለቅ አሰበ፤ ስለዚህ እስረኞቹ በየብስ መንገድ ወደ ድንበር እንዲሄዱ አድርጎ፥ እርሱና ሁለቱ ባልደረቦቹ ብላንክና ፕሪዶ ሐይቁን በታንኳ ተሻግረው በዘጌ ለሰፈሩት ንጉሥ ደኅና ሰንብቱ ሊሉ ሄዱ። በእኛ ልማድ ተጣልቶ የታረቀ ሰው ከአስታራቂው ጋር አብሮ ቀርቦ፥ ይቅር ተባብሎ፥ ተመርቆ ይሰናበታል እንጂ በሌላ መንገድ አይሾልክም። ንጉሠ ነገሥቱም የታሠሩት ሰዎች በፊታቸው ቀርበው እንዲታረቋቸው ይሹ ነበርና፥ የእስረኞቹ መሄድ ሽሽት መሰላቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1858 ዓ.ም. ራሳም በዘጌ ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው በሚያዝያ 6 ቀን፥ ከሁለት ዓመት በኋላ በመቅደላ ነፍሳቸውን አሳለፉ። ራሳም በዚህ ጉዳይ ከስሕተት ንጹሕ ነው አልልም፤ ያገሩን ሰው ጠባይ በሚገባ የሚያውቅ ዲፕሎማት ንጉሡ ይቅር ለእግዜር እስኪሉ ድረስ አንዱንም እስረኛ ከቆራጣ ባላንቀሳቀሰ ነበር።

በሰኔ ወር በሰፈሩ በሽታ ገብቶ ሰው ሲያልቅ፥ ሠራዊቱም እንግዶቹም ወደ ደጋው ወጡ፤ ራሳምና ባልደረቦቹ የአውሮፓ ሠራተኞች መድፍና አዳፍኔ ይሠሩባት በነበረችው በጋፋት ተቀመጡ። ንጉሠ ነገሥቱ በመልካም ፊት ይጠይቋቸው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ወደ ደብረ ታቦር ተጠርተው በሸንጎ ፊት ቆሙ። ክሱ ከኢየሩሳሌም መጣ ከተባለ ደብዳቤ የተነሣ ነበር፤ ቱርኮች በሱዳን በኩል የባቡር ሐዲድ እየዘረጉ ነው፥ እንግሊዝና ፈረንሳይም አብረዋቸው አገራችንን ሊወሩ ነው የሚል ነገር በውስጡ ነበረበት። ይህ ሁሉ ከተነበበ በኋላ ራሳምንና ባልደረቦቹን በጨለማ ቤት አኖሯቸው።

የዚያን ሌሊት የሆነውን ራሳም በእ.ኤ.አ. 1869 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎታል። መብራት ይዘው፥ ጠጅም አስይዘው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ እስር ቤቱ ገቡ። ሰው እብድ እንደሚላቸው ሲሰሙ እንዳላመኑት፥ አሁን ግን ራሳቸውም እውነት ነው እንዳሉ፥ ክርስቲያን ለክርስቲያን ይቅር ሊል እንደሚገባውም ነገሩት፤ ከእርሱም ጋር ጠጡ። በዚህች ከተማ በአንዲት ጨለማ ክፍል ውስጥ፥ አንድ ታላቅ ንጉሥ በአንድ ትንሽ ሹም ፊት ራሳቸውን በዚህ ዐይነት የገለጡበትን ሌሊት ለደብረ ታቦር ተማሪ ሳይነግሩ፥ የመድፉን ክብደት ብቻ ማስጠናት ትምህርት ነውን? በዚያ ሌሊት ራሳም የንጉሠ ነገሥቱን ልብ የሚያሳርፍ አንዳች ቃል ለመስጠት ሥልጣን ቢኖረው ኖሮ፥ ለምሳሌ መንግሥቴ መልእክተኞችዎን በወደባችን በኩል ያሻግራል፥ የሥራ ዐዋቂዎችም ይልካል ብሎ በመንግሥቱ ስም ለመፈረም ቢችል ኖሮ፥ ነገሩ በሌላ መንገድ በሄደ ነበር ብዬ አምናለሁ። እርሱ ግን ለመታገሥ፥ ለማመስገንና ለመጠበቅ ብቻ የተፈቀደለት ሰው ነበረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። በሐምሌ ወር ወደ መቅደላ ተወስዶ በእግር ብረት ታሰረ፤ አምባው ላይ አትክልት ተክሎ፥ ከምጽዋ በድብቅ በሚመጡ መልእክተኞች ከውጭ ጋር እየተጻጻፈ ወደ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚስዮናዊው በፍላድ እጅ የሥራ ዐዋቂዎች እንዲላኩላቸው ጠይቀው፥ ለንደንም ሠራተኞቹን እስከ ምጽዋ ካደረሰች በኋላ፥ እስረኞቹ አስቀድመው ይፈቱ ብላ አቆመቻቸው፤ ንጉሡ ደግሞ ሠራተኞቹ አስቀድመው ይምጡ አሉ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን እየጐተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየርም ከዙላ ወደብ በኩል ወደ 13,000 ወታደር አስከትሎ ገሠገሠ። ደብዳቤ ለመመለስ የዘነጋው መንግሥት ለዚህ ዘመቻ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። በስቅለት ማግሥት ራሳም ተፈትቶ ተሰናበተ።

የአገልግሎቱ መጨረሻም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። መንግሥቱ 5,000 ፓውንድ ሸለመው፤ በአንጻሩ በጋዜጣና በንግግር ንጉሡን ያሞካሸ፥ ከሥራው በታች የሆነ ሰው እየተባለ ተነቀፈ። ወደ ቍፋሮ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1879 በባቢሎን የቂሮስን የሸክላ ጽሑፍ አወጣ። በሽምግልናው ደግሞ የብሪቲሽ ሙዚየም ሹም የነበረው ባጅ በቍፋሮው ጉዳይ ስሙን ስላጠፋ ከስሶ፥ እ.ኤ.አ. በ1893 50 ፓውንድ ካሳ ተፈረደለት። ይህ ባጅ ክብረ ነገሥታችንን ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመው ሰው ነው። ራሳም በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1910 ሞተ። ለንደን የነነዌን የአንበሳ አደን ቅርጽ ዛሬም ታሳያለች፤ ከመቅደላ የተዘረፉትንም የብራና መጻሕፍት አስቀምጣለች።

ራሳም የወራሪ መንግሥት አገልጋይ ነበረና ለምን እናዝንለታለን የሚሉኝ ይኖራሉ። እኔ እንድናዝንለት አልጠይቅም፤ ደመወዙን ተቀብሎ ያገለገለ፥ ሽልማቱንም የተቀበለ ሰው ነው። የምጠይቀው በደሉ በሚገባው ሰው ላይ እንዲወድቅ ነው። መልእክተኛው በፊታችን የቆመ ስለ ሆነ ቍጣችን ሁሉ በእርሱ ላይ ያርፋል፤ ትእዛዙን የጻፈው ጽሕፈት ቤት ግን ስሙ እንኳ አይነሣም። አጼ ቴዎድሮስም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ እርሳቸው ግን ሌላ ሊይዙት የሚችሉት ሰው አልነበራቸውም፥ እኛ ግን መዛግብቱ በእጃችን ስላሉ ያንን ምክንያት ልናቀርብ አንችልም።

ስለዚህ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን፥ የዞኑም የባህልና ቱሪዝም ሹማምንት፥ ጋፋትን የሚጐበኝ ተማሪ ከምድጃው ፍርስራሽ ቀጥሎ ስለ ራሳም ሊሰማ የሚችልበትን መንገድ ያዘጋጁ እላለሁ። ከቆራጣ ጀምሮ በጋፋት እስከ ደብረ ታቦር ያለው የጕዞው መንገድ ከሞላ ጐደል በራሳችን ዞን ውስጥ ነው፤ የራሳምና የብላንክ መጻሕፍት ስለነዚህ ቦታዎች የጻፉት ተመርጦ ባማርኛ ቢታተምና ካገሬው ሽማግሌዎች ቃል ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ፥ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር ተማሪው ራሱ ይበቃል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን የሁለቱ ደብዳቤዎች ቀን በጕልህ ይጻፍ፤ ጥቅምት 1855 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ፥ ግንቦት 1856 ዓ.ም. የንግሥቲቱ።